ኒፎፊያን ለመክፈል ቀን ከመቁረጥዎ በፊት አፈርዎን ይዩ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጥያቄዎ እንደገባኝ ከሆነ፣ አዘዞ ግቢዎ ውስጥ ያለው ኒፎፊያ፣ ያ ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ እንደ ችቦ የሚያብበው ተክል፣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በጎን እየሰፋ ሄዶ መሐሉ ደርቋል፤ በፊት ደምቆ ያብብ የነበረው ዘንድሮ ከቅጠል በቀር የሚታይ ነገር የለውም። አፈርዎ ዋልካ፣ ውኃ የሚቋጥረው ጥቁር አፈር ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ በጸደይ ይከፈል፣ ማለትም ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ተለያይቶ እንደገና ይተከል ስለሚል፣ አሁን ግንቦት ሲጋመስ ቆፍሬ ላውጣው ወይ ብለዋል።

አሁን አይንኩት። መክፈሉ ግን አይቀርልዎትም።

መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተጻፈው በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው። እዚያ ጸደይ ሲገባ ምድሩ ከብርድ ይላቀቃል፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ፀሐይዋም ገና አልበረታችም። እኛ ጎንደር ደግሞ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት የዓመቱ ሞቃት ወራት ናቸው፤ ሙቀቱ አልፎ እፎይ ሳይባል ሐምሌና ነሐሴ ይመጡና ዝናቡን ያወርዱታል። በዚህ መካከል ሥሩ ተቆርጦ ቁስሉ ያልዳነ ተክል የት ይግባ? ለእኛ የሚበጀው ዝናቡን መቁጠር ነው፤ ከዝናቡም ይልቅ ዝናቡ ከወረደ በኋላ ውኃው አፈርዎ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት።

ይህ ተክል መጤ እንዳይመስልዎት። በዓለም ላይ ወደ 70 ከሚጠጉ የኒፎፊያ ዝርያዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የአፍሪካ ናቸው፤ ቢያንስ አንዱ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይበቅል የራሳችን ነው። ደባርቅን አልፈው ወደ ሳንቃበር ሲወጡ ከሣሩ መሐል ቀጥ ብሎ እንደ ችቦ የሚታየው እሱ ነው። ከብት ስለማይወደው ግጦሽ በበዛበት ሜዳ ሌላው ሁሉ ተግጦ ሲያልቅ እሱ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት በተዳፋት ላይ፣ ጠጠር በተቀላቀለበት አፈር ነው፤ ዝናቡ ይመታዋል እንጂ አይተኛበትም። በጋውን ደግሞ ወፋፍራም ሥሮቹ በያዙት እርጥበት ይወጣዋል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ኒፎፊያ ሞተ ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጥምን አይደለም። አንገቱ ላይ የተኛውን ውኃ ነው። አንገት የምለው ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ ነው፤ ከዚህ በታችም ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

እኔ አትክልት የምሠራው ከቁስቋም በታች ባለ ዳገት ላይ ነው። አፈሩ ቀላ ያለ፣ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ዝናብ ቆም ካለ ብዙም ሳይቆይ በጫማ ይሄዱበታል። እዚህ የምከፍለው ሰኔ መጀመሪያ፣ ሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ ወርዶ ምድሩ ከራሰ በኋላ ነው። ክረምቱ በሙሉ አጠጪዬ ይሆንልኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዋልካ ላይ ግን በሰኔ የተከፈለ ኒፎፊያ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከመሐሉ ቢጫ ሆኖ፣ ሳብ ሲያደርጉት ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጅ ላይ ሲቀር፣ ግርጌውም ሲሸት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለእርስዎ የምመክረው ከመስቀል በኋላ ያሉትን ቀናት ነው። ዝናቡ ቀንሷል፣ ዋልካው ግን በውስጡ ገና እርጥበት አለው፤ ፀሐይም ተመልሳለች። ምናልባት በዚያን ጊዜ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ያገኙት ይሆናል። አይሳሱለት፣ ከሥር ይቁረጡትና ቤት ያስገቡት፤ የአንድ ዓመት አበባ ነው የሚቀርብዎት።

እስከዚያ ድረስ ሥራ አይፈቱም፤ መደብ ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ዝናብ ዋልካውን ሲያለሰልሰው ከመሬቱ ወደ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ፤ ከላይ በኩል ቦይ ያውጡለት። ቀይ አፈር፣ ደቃቅ ጠጠርና በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ቀላቅሉበት። ብዙ ሰው ዋልካን በአሸዋ አለሰልሳለሁ ብሎ ጥቂት አሸዋ ይጨምርበታል፤ በጋ ሲመጣ ሲሚንቶ የነካው ይመስል ይደርቃል። የሚያላላው ብስባሽ ነው። ትኩስ ፍግ ግን አያስጠጉት። ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ከተረፈም ቅጠል ብቻ እያበዛ አበባውን ይነሳዎታል።

አሁን ወደ ቁፋሮው። ቀኑ ሲደርስ ቅጠሉን ከርዝመቱ ሲሶ ያህል አስቀርተው ይቁረጡት፤ ሥሩ ሲቀንስ የሚያጠጣው ቅጠል አብሮ መቀነስ አለበት። ከዚያ ከቅጠሉ ዳር አንድ ስንዝር ራቅ ብለው ዙሪያውን በአካፋ ይክፈቱ። ዶማ ካልሆነ አልቆፍርም የሚል ሠራተኛ ካለዎት ቢያንስ ወደ መሐል እንዳያሳርፍበት ይቆጣጠሩት። ስድስት ዓመት የቆየ ተክል ከባድ ነው፤ ለሁለት ሆነው ከሥር በኩል ፈንቅለው ያውጡት፣ ቅጠሉን ይዞ መጎተት አንገቱን ይበጥሰዋል። ካወጡ በኋላ አፈሩን አራግፈው የቀረውን በውኃ ይጠቡት። ዋልካ ተጣብቆበት እያለ የት እንደሚለያይ አይታይም።

ሲታጠብ ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆንልዎታል። መሐሉ ላይ የጠቆረው፣ እንጨት የመሰለው አሮጌው ግንድ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ የየራሳቸውን ቅጠልና ሥር ያበቀሉ ልጆች ተደርድረዋል። ብዙዎቹን በሁለት እጅ ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዟቸው ይላቀቃሉ። እምቢ ያለውን ብቻ በተሳለ ቢላዋ ይቁረጡ፤ ቢላዋውን አስቀድመው በአልኮል ይጥረጉት። የተቆረጠው ሥር ውስጡ ቢጫ ነው፤ ያ ጤነኛ ነው፣ አይደንግጡ። ቡናማ ሆኖ የሚልሞሰሞሰውን ግን ንጹሑ እስኪታይ ድረስ እየቆረጡ ይጣሉት። እዚህ ላይ ሰው ስስት ይይዘውና እያንዳንዷን ልጅ ለየብቻ ይገነጥላል። ሁለት ወይም ሦስት ልጆች አብረው ቢቀሩ ይሻላል፤ ነጠላዋም አትሞትም፣ ነገር ግን ለማበብ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ልታስጠብቅዎት ትችላለች። አሮጌው መሐል ከእንግዲህ አይረባም፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሂድ።

የተቆረጠው ፊት ትንሽ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ያሳርፏቸው፤ ሥሩ ግን እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ጣል ያድርጉበት። የእንጨት አመድ ቁስሉ ላይ መንስነስ በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው፤ እኔም በጣቴ ቆንጥሬ አደርገዋለሁ። በእፍኝ አይሁን።

ሲተክሉ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ጉብታ ይሥሩና ሥሮቹን በዙሪያው ወደ ታች ዘርጉ። አንገቱ ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ጥርጣሬ ካለዎት ጣት ያህል ከፍ ይበል እንጂ አይቀበር። አፈሩ ከጊዜ በኋላ ስለሚወርድ ጥቂት ቀናት ቆይተው መለስ ብለው ይዩት፤ ጭቃ ቅጠሉ መሐል ከገባ ያውጡት። አንገቱ ዙሪያ ጠጠር ይበትኑ። በአንዱና በሌላው መካከል ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይተዉ፤ ዛሬ የተራራቀ መስሎ ቢታይዎትም ከሦስት ዓመት በኋላ ቅጠሉ ይገናኛል። ቦታው ጥላ ከሆነ ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቢያንስ የግማሽ ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ውኃን በተመለከተ፣ በተከሉ ዕለት አንዴ አርክተው ያጠጡ። ከዚያ በኋላ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ እየሰደዱ፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ። የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ይበቃዋል፤ ሳሙናና በረኪና የነካውን ግን አይስጡት። የመጀመሪያው በጋ ነው ፈተናው፤ ዋልካ ሲሰነጠቅ አዲሱን ሥር አብሮ ይበጥሳል፤ ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ መደቡን በገለባ ወይም በደረቀ ሣር ያልብሱት፤ አንገቱን ግን ነፃ ይተዉለት። በሁለተኛው በጋ ትዝ ሲልዎት ቢያጠጡትም ቅር አይለውም። በክረምት ደግሞ ቀንድ አውጣ ቅጠሉ ሥር ይደበቃል፤ የደረቁትን የውጭ ቅጠሎች በእጅ እየሳቡ ካነሱለት መደበቂያ ያጣል።

በሚመጣው ዓመት ላያብብ ይችላል። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት ሰዎች አበባ ሲያጡ ቦታው አልተስማማውም ብለው እንደገና ስለሚነቅሉት ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነና መሐሉ አዲስ ቅጠል እያወጣ ከሆነ ሥራውን ከመሬት በታች እየሠራ ነው። አበባው ሲመለስ ወፎቹም ይመለሳሉ። ወንዱ በሐምራዊ ቀለም የሚያብለጨልጭ፣ ጅራቱ ረዘም ያለ፣ በዓለም ላይ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራ ማር መጣጭ ወፍ አለ፤ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ከታች ወደ ላይ እያንዳንዷን አበባ ሲመረምር ሰው ቢቀርበው እንኳ ቶሎ አይሸሽም።

ከእርስዎ ጥያቄ በታች አንድ ወንድማችን፣ ከስሜን ሄዶ መንቀል አይቀልም ወይ ብሎ ጽፏል። አይቀልም፤ ክልክልም ነው። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከዚያ አንዲት ሥር ማውጣት አይገባም። ደግሞስ የደጋ ነፋስ የለመደውን ሥር አምጥቶ ከማላመድ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስድስት ዓመት የከረመውን የመምህርን ልጆች መለመን አይሻልም?

መምህር፣ ሲከፍሉት ከአንድ መደብ በላይ እንደሚተርፍዎት አልጠራጠርም። እባክዎ የቅጠሉን ፎቶ ይለጥፉልን። ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው የእኛው የኢትዮጵያው ሊሆን ይችላል፤ ጠበብ ያለው ብዙውን ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ዝርያ የመጣው የአትክልት ቦታ ድቅል ነው። አከፋፈሉ ለሁለቱም አንድ ነው። ሰፊ ቅጠሉ ከሆነ ግን ከወዲሁ ሰልፍ ይዣለሁ፤ እኔ ጋ ያለው ጠባቡ ብቻ ነው።