ቃል ሲሰጣችሁ ፊርማውን ጠይቁ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ አዳማ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ በምትሠሩበት የአቪዬሽን ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋም ወይስ አይቋቋም በሚል ስትከራከሩ መሸ። አንዳችሁ ማኅበር ማለት ከኃላፊ ጋር መጣላት እንደሆነ፣ ሌላችሁ ደግሞ ማኅበሩ በተቋቋመ ማግሥት ችግሩ ሁሉ እንደሚፈታ ስትናገሩ ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአውሮፕላን ጥገና ስሠራ የተማርሁትን በቃል ከምነግራችሁ በጽሑፍ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁላችሁ።

በቅድሚያ ሕጉን እወቁት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀትና የመደራደር መብትን አስፍሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል፣ የማኅበር አባል መሆንም የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። «አባል ከሆንሁ እባረራለሁ» ያለው ልጅ ይህን ደጋግሞ ያንብበው። ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ የአየር ትራንስፖርትን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ አገልግሎቶች ስለሚመድበው፣ በዘርፉ ሥራ ማቆም አይፈቀድም፤ ስለ ደመወዝና ስለ ሌሎች ጥቅሞች ተነሥቶ በድርድር ያልተፈታ የወል ክርክር፣ ማለትም ሠራተኞች በጋራ የሚያነሱት ክርክር፣ የሚታየው በጊዜያዊ ቦርድ ነው። ሥራ ማቆም ለማይችል ሠራተኛ ዋናው ጉልበቱ በእጁ ያለው ሰነድ መሆኑን ከዚህ ተረዱ።

የሰነድን ዋጋ የተማርሁት ከአገር ውጭ በአንድ ኩባንያ ስሠራ ነው። አንድ ሌሊት የማረፊያ ጎማዎችን ስፈትሽ፣ የፍሬኑን ማለቅ የምታሳየው ትንሽ ካስማ ከአቃፊዋ ጠርዝ ጋር እኩል ሆና አገኘኋት። ካስማዋ እዚያ ከደረሰች ፍሬኑ መቀየር አለበት። የፈረቃው ኃላፊ ግን በስልክ «ፈርምና ልቀቀው፣ ሲመለስ እንቀይረዋለን» አለኝ። «ትእዛዙን በጽሑፍ ያድርጉልኝ፣ ከፊርማዬ ጎን አያይዘዋለሁ» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ስልኩን ዘጋው፤ ፍሬኑም በዚያው ሌሊት ተቀየረ። በእኛ ሙያ ብሎን ያጠበቀ ሁሉ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። የሥራ ፈረቃ የሚያራዝም፣ ሰው የሚቀንስ ወይም የመለዋወጫ ግዢ የሚያዘገይ ኃላፊስ ለምን በስሙ አይፈርምም? የማኔጅመንት ተጠያቂነት ስትሉ እኔ የሚገባኝ ይህ ነው፤ የእነሱም ውሳኔ እንደ እኛ ሥራ ስምና ቀን ይኑረው።

በዚያው ኩባንያ ያየሁት ሁለተኛው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ተወካዮቻችን ስለ ሌሊት ሥራ አበል ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ «ተስማምተናል» አሉን፤ እኛም አጨበጨብን። ቃለ ጉባኤው የት አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከስምንት ወር በኋላ ኃላፊው ተለወጠ፤ አዲሱም «የትኛው ስምምነት?» አለን። የምናሳየው አንድ ወረቀት አልነበረንም። በአገራችን ሕግ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው የሚዋዋሉት ውል፣ በጽሑፍ ሆኖ በሁለቱ ወገኖች ከተፈረመ በኋላ ለሚመለከተው አካል ተልኮ ይመዘገባል፤ እዚያ ሳይደርስ ጭብጨባ አትቸኩሉ።

ተወካዮቻችሁንም በዚሁ መለኪያ መዝኑ። አባቴ እዚህ አዳማ አጠገብ፣ በ1946 ዓ.ም. ማምረት በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የወንጂ ሠራተኞች ማኅበር በሕግ እንዲታወቅ ከታገሉት ግንባር ቀደም እንደነበሩ ታውቁ ይሆናል። አባቴ ሲያርፍ ከመታወቂያው ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ያገኘነው የማኅበር መዋጮ ደረሰኞቹን ነበር፤ ቀለማቸው ቢደበዝዝም የገንዘብ ያዡ ፊርማ በእያንዳንዳቸው ላይ ይነበብ ነበር። ያንን ማኅበር ያመነው የከፈላት ሳንቲም ሁሉ ደረሰኝ ስለነበራት ይመስለኛል።

ማኅበር አያስፈልግም የሚሉትን ጓደኞቻችሁን ደግሞ «የአለቃ ጆሮ» እያላችሁ አትስደቡ። በአሜሪካ፣ የዴልታ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆች እ.ኤ.አ. በ2010 ድምፅ ሲሰጡ ማኅበር የመመሥረቱ ጥያቄ በጠባብ ልዩነት ነው የወደቀው፤ ከዚያ በኋላም ሁለቱም ወገኖች በአንድ ድርጅት መሥራታቸውን ቀጥለዋል። እናንተም ከክርክሩ በኋላ በአንድ ሃንጋር ውስጥ አንዱ የሌላውን ሥራ ፈትሾ መፈረሙ አይቀርም።

የምሥረታ ጉባኤው ሲጠራ ስለ ሊቀ መንበሩ ብዙ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። ከእሱ አስቀድማችሁ ግን ጸሐፊውን በጥንቃቄ ምረጡ፤ የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚመዘግብ፣ ቃለ ጉባኤውን በሦስት ቀን ውስጥ ለአባላት የሚያደርስ ሰው ይሁን። የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ በመጪው እሑድ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ስለ ሒሳብ ምርመራ የሚናገረውን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን።