60 የሥራ ቀንና አንዲት ክኒን

ውድ ጠያቂዬ፣

የ24 ዓመት የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ነህ። የሚጥል በሽታ ከያዘህ ስድስት ዓመት ሆኖሃል፤ በየቀኑ ፌኖባርቢታል ትወስዳለህ፤ ባለፈው ዓመት የጣለህም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት በጀማሪ ሒሳብ ሠራተኝነት ተመርጠህ በመጪው ወር ትጀምራለህ፤ አባትህ ግን ወንድምህ ከውጭ በላከው ገንዘብ በተገዛችው መኪና ተሳፋሪ እንድታመላልስ ይፈልጋሉ። ከጥያቄዎችህ ሁሉ ብዕር ያስነሳኝ በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግኸው ነው፤ «መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ስለሚያደነዝዘኝ የሙከራ ጊዜዬን እስክጨርስ ባቆመውስ?» ብለሃል።

አታቁመው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ። አንድ ጎበዝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በተቀጠረ በአምስተኛው ሳምንት ጠረጴዛው አጠገብ ወደቀ፤ መድኃኒቱን አንተ ባሰብኸው ምክንያት አቋርጦት እንደነበር ኋላ ከወንድሙ ሰማን። አለቆቹ ደንግጠው ስለነበር ምክንያቱን ለመስማት ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ለሥራው ብቁ ሆኖ አልተገኘም የሚለውን የስንብት ደብዳቤ ያዘጋጀሁትም እኔ ነበርሁ። ደብዳቤው በሕግ ዓይን እንከን አልነበረውም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያ ወጣት ያልተረዳው ነገር ቢኖር ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ መሆኑን ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ብቻ ሦስት አራት ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱ ቀለል፣ እንቅልፉም ቀነስ ይልለትና ያለ መድኃኒት መኖር የቻለ ይመስለዋል፤ እየጠበቀው ያለው ግን በውስጡ የቀረው የመድኃኒቱ ቅሪት ነው። ቅሪቱ ሲሟጠጥ በሽታው ይመለሳል፤ በድንገት በማቋረጥ የሚመጣው መጣል ደግሞ ሳያባራ ሊደጋገምና ሕይወትን ሊያሰጋ ይችላል። መጠኑን መቀነስ ቢያስፈልግ እንኳ በሐኪም ትእዛዝ፣ በሳምንታትና በወራት ጥቂት በጥቂቱ የሚደረግ ነው።

ድንዛዜህ እውነተኛ ችግር መሆኑን አልክድም፤ ቁጥር ላይ ለሚውል ሰው ይልቁንም ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ክኒኑን ጠዋት የምትወስደው እናትህ ከቁርስ ጋር ስለሚሰጡህ መሆኑን ጽፈሃል። ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመኝታ በፊት እንዲወሰድ የሚታዘዘው እንቅልፍ ስለሚያመጣ ነው። እንግዲያው ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ወደ ሐኪምህ ሂድ፤ ሥራህ ምን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደምትገባ ነግረህ ሰዓቱ ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ፣ መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ፣ ወይም እንደ ካርባማዜፒን ያለ ሌላ መድኃኒት ይስማማህ እንደሆነ ጠይቅ።

በሕጉም በኩል የመረጥኸው ጊዜ የከፋው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀን ይወስናል፤ በእነዚያ ቀናት ለሥራው ብቁ አይደለም ያለህ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብትህ ይችላል። በሕመም ፈቃድ፣ ማለትም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ፣ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ፣ ተከታዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ የማረፍ መብት የምታገኘው የሙከራ ጊዜህን ከጨረስህ በኋላ ነው።

ስለ መኪናዋ አልለሳለስም። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ የጣለው ሰው በከተማ ውስጥ ተሳፋሪ ጭኖ መንዳት የለበትም፤ በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ሰው የግል መኪናውን እንኳ ለመንዳት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳይጥለው መቆየት አለበት። አባትህ «ቆማ ዕዳ ትበላለች» ማለታቸው ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ሌላ ሾፌር መቅጠር ወይም መኪናዋን መሸጥ እንጂ የልጅን ሕይወትና የሰው ነፍስ በመያዣነት ማስያዝ አይደለም። ደመወዙ ከመኪናዋ ገቢ ያንሳል ብለሃል፤ ያንሳል። በወር ደመወዝ የኖርሁ ሰው በመሆኔ ለመደበኛ ሰዓት አደላ ይሆናል፤ ሆኖም እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ አንዱ ነውና በሰዓቱ ገብተህ በሰዓቱ የምትወጣበት ሥራ ለአንተ ከገቢም በላይ ነው። የማታውን ማስተርስ በዚሁ ምክንያት ለአንድ ዓመት አቆየው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እናትህ ይውሰዱህ፤ ክኒኑም አብሮህ ይሂድ።

ለመሥሪያ ቤቱ ልንገር ወይ ላልኸው፣ ለሁሉም ማወጅ አያስፈልግም፤ አጠገብህ ለሚቀመጥ አንድ የምታምነው ሰው ግን ንገር። ቢጥልህ በጎን እንዲያስተኛህ፣ አፍህ ውስጥ ምንም እንዳይከት፣ ክብሪት ጭሮ እንዳያሸትትህ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል እንዲያደርስህ አስረዳው። መድኃኒትህንም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግዛ፤ ያለ ማዘዣ አይሸጥምና ባለቀበት ቀን ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትዞር ከሥራ እንዳትቀር።