ከአረሩ ጀምሩ፦ የሩቅ አደን ጠመንጃ በልካችሁ ለምታሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ለምትኖሩ፣ ከተማው ሲያልቅ የሚጀምረውን ሰፊ የሣር ሜዳ ለለመዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ከሱቅ የተገዛውን ጠመንጃ ትታችሁ ክፍሉን አንድ በአንድ መርጣችሁ ለማሠራት ለምታስቡ ነው። የምናገረው ስለ አሜሪካ ምዕራብ ነው። እዚያ «ቫርሚንት» የሚሉት ግጦሽና ሰብል የሚያበላሽ ወይም ከብት የሚተናኮል አውሬን ነው፤ በመንጋ ጉድጓድ እየማሰ የሚኖረው ፕሬሪ ዶግ፣ ግልገልና ጥጃ የሚነጥቀው ካዮቲ።

አብዛኛው ጀማሪ ምርጫውን የሚጀምረው ከመነጽሩ ወይም ከሰደፉ መልክ ነው። ዓይን የሚገባው እሱ ስለሆነ አይፈረድበትም። እንዲህ የተጀመረ ጠመንጃ ግን እያንዳንዱ ክፍሉ ውድ ሆኖ እርስ በርሱ የማይስማማ ይሆናል። ምርጫው መጀመር ያለበት ከአውሬውና ከርቀቱ ነው፤ እነሱ አረሩን ይወስናሉ፣ አረሩ የሚወጣበትን ቱቦ፣ ባረሉን፣ ይወስናል፣ የቀረው ሁሉ ባረሉን ተከትሎ ይመጣል። አረር ስል ከቀልሃው ተለይቶ የሚበረውን ብቻ ነው፤ ጥይት ስል ቀልሃውን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ።

ቆሞ የሚቃኝ ፕሬሪ ዶግ የአካሉ ስፋት 3 ኢንች ያህል ነው። በ100 ያርድ ላይ ምቶቹን አንድ ኢንች ውስጥ የሚሰበስብ ጠመንጃ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው፤ በ300 ያርድ ግን ያ አንድ ኢንች 3 ኢንች ይሆንና የአውሬውን ሙሉ ስፋት ይበላዋል። ነፋስ ለመገመት፣ እጅ ለመንቀጥቀጥ የሚተርፍ ምንም ቦታ የለም። ስለዚህ ግባችሁ በ100 ያርድ ግማሽ ኢንች ይሁን። ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ አንድ ቀዳዳ ስላያችሁ አትደሰቱ፤ ሦስት ጥይት በአጋጣሚም አንድ ላይ ይገባል። በአንድ ኢላማ ላይ 10 ተኩሱና ዳር ለዳር ያሉትን ለኩ፤ እውነተኛው መጠን ያ ነው።

ከዚያ ነፋስ አለ። .22-250 ሬሚንግተን የሚባለው ጥይት ለዚህ አደን ለብዙ ዘመን የታመነ ነው፤ ሬሚንግተን በ1965 መደበኛ ጥይት አድርጎ ከማውጣቱ በፊትም አዳኞች .250 ሳቬጅን እያጠበቡ ይሠሩት ነበር። 55 ግሬን (ግሬን የአረር መመዘኛ ነው፤ 55ቱ 3.6 ግራም ያህል ነው) የሚመዝን አረር በሰከንድ ወደ 3,680 ጫማ ይወረውራል። ይህ ሁሉ ፍጥነት ኖሮት፣ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ300 ያርድ ላይ 9 ኢንች ገደማ ይገፋዋል። በዚያው ቀልሃ 80 ግሬን የሚመዝን፣ ረዥምና ሹል አረር በ3,150 ጫማ ብትተኩሱ ግን የሚገፋው 5 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ዝግተኛው አረር ፈጣኑን በነፋስ በለጠ። ምክንያቱም ነፋስ የሚጎዳው አረሩ አየር ላይ ባጠፋው ጊዜ ሳይሆን በአየሩ መጎተት ባጣው ጊዜ ልክ ነው፤ ሹሉ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ከባዱን ይጠቀም ማለት ነው? አይደለም፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቀላሉ የቫርሚንት አረር ቆዳው ስስ ስለሆነ አፈር ሲነካ ይበታተናል። ለውድድር የተሠራው ከባድ አረር ግን ደረቅ መሬት ላይ ነጥሮ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ሜዳው ዳገት የሌለው ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ከኋላ የእርሻ ቤትና ከብት ካለ፣ ስስ ቆዳ ያለውን ምረጡና ርቀታችሁን በ300 ያርድ ወስኑ። ኋላው ኮረብታ ሆኖ 400 እና ከዚያ በላይ የምትተኩሱ ከሆነ ብቻ ከባዱን አስቡ።

አረሩን ከወሰናችሁ የባረሉ ጥምዘዛ ራሱ ይወሰናል። በባረሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ያሽከረክረዋል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ስንት ኢንች እንደሚፈጅ ነው የሚለካው። የቆየው የ.22-250 ልማድ በ14 ኢንች አንድ ዙር ነው፤ ለ55 ግሬን ይበቃል። 80 ግሬኑ በ8 ኢንች አንድ ዙር ይፈልጋል። ረዥሙን አረር በዘገምተኛው፣ በ14 ኢንቹ፣ ባረል ከተኮሳችሁት እየተወላገደ ይበርና ወረቀቱን በጎኑ ይመታዋል፤ ቀዳዳው የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። በተቃራኒው ስስ ቆዳ ያለውን በፈጣን ጥምዘዛ ብትተኩሱት ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የጫማ ፍጥነቱን በ720 አባዙና ለጥምዘዛው ኢንች አካፍሉ። 3,680 ጫማ በ14 ኢንች ባረል በደቂቃ 189,000 ዙር ያህል ይሆናል፤ በ8 ኢንች ባረል ግን 331,000። ለዝቅተኛ ፍጥነት ተብሎ በጣም ስስ የተሠራ አረር ይህን አይችልም፤ ከአፈሙዙ ወጥቶ ግራጫ ጭስ ሆኖ ይጠፋል፣ ኢላማው ላይ ምንም ቀዳዳ አታገኙም። ሰው ይህን ሲያይ መነጽሩን ይወቅሳል።

ስለ መዳብም አስቡ። ንስርና ጭልፊት ሜዳ ላይ የቀረውን ሬሳ ሲበሉ የእርሳስ ስብርባሪ ይመርዛቸዋል፤ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአደን ላይ የእርሳስ አረርን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል። ጥምዘዛ የሚፈልገው ደግሞ ርዝመቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። ዛሬ በ14 ኢንች ጥምዘዛ የሚሠራ ሰው ነገ በመዳብ ልተኩስ ሲል ብዙ ምርጫ አይኖረውም። ለመጀመሪያ ጠመንጃ እኔ የምመክረው .223 ሬሚንግተን በ9 ወይም በ8 ኢንች ጥምዘዛ ነው። ጥይቱ በየቦታው ይገኛል፣ ባሩዱ ጥቂት ነው፣ ርግጫው ትንሽ ስለሆነ የመታችሁበትን በራሳችሁ መነጽር ታያላችሁ። የሳታችሁበትን ሳታዩ ነፋስ መማር አይቻልም።

ወደ ባረሉ ልምጣ። ገንዘብ ቢያጥራችሁ ከሌላው ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ። 416 አር የሚባለው የማይዝግ ብረትም፣ 4140 የሚባለው ክሮም-ሞሊም በጥሩ እጅ ከተሠራ ይተኩሳል። ርዝመቱ ከ24 እስከ 26 ኢንች ይሁን፤ ከዚያ በላይ በየኢንቹ የምታገኙት 25 ወይም 30 ጫማ ፍጥነት ለክብደቱ አያዋጣም። ውፍረቱን የሚወስነው የአደኑ ዓይነት ነው። በፕሬሪ ዶግ ሰፈር ከአንድ ቦታ ተቀምጣችሁ በአንድ ቀን 200 ጥይት ልትተኩሱ ትችላላችሁ፤ ወፍራም ባረል፣ ሙሉ ጠመንጃው 12 ፓውንድ ቢሆን አያስጨንቅም። ካዮቲን ግን በእግር ተጉዛችሁ፣ ጠርታችሁ፣ አንድ ሁለት ጥይት ነው የምትተኩሱት፤ 9 ፓውንድ ሲያልፍ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። አንድ ጠመንጃ ሁለቱንም በእኩል አይሠራም፤ የበለጠ የምታደኑትን ምረጡ።

ባረልን የሚገድለው ሙቀት ነው። መጀመሪያ የሚበላው ከጥይቱ ማደሪያ ፊት ለፊት ያለው ጉሮሮ ነው። .22-250 በጋለ ባረል እየተጣደፈ ከተተኮሰ 1,500 ጥይት ላይ ጥራቱን ማጣት ሊጀምር ይችላል፤ ረጋ ብሎ ከተያዘ እጥፉን ይሄዳል። .223 ከዚያም ይረዝማል። ባረሉን በእጃችሁ ጨብጣችሁ አምስት ሰከንድ መታገሥ ካቃታችሁ አቁሙ፣ መቀርቀሪያውን ከፍታችሁ አሳርፉት።

መቀርቀሪያው የሚመላለስበትን አካል፣ አክሽኑን፣ በተመለከተ ብዙ አልልም። በ1962 የወጣው የሬሚንግተን 700 ቅርጽ በብዙ አምራቾች ስለተቀዳ ሰደፍና ቃታ እንደልብ ይገኝለታል። በ1958 የወጣው ሳቬጅ 110 ባረሉ በትልቅ ዳዶ ስለሚታሰር ለመቀየር ይቀላል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ የመቀርቀሪያው ፊት ከቀልሃው ጋር ይግጠም። .223 ጠባቡን፣ 0.378 ኢንች የሆነውን ይፈልጋል፤ .22-250፣ .243 ዊንቸስተርና 6 ሚሊሜትር ክሪድሙር 0.473 የሆነውን ይጋራሉ። ወደፊት ጥይት መቀየር የምታስቡ ከሆነ ሰፊው ብዙ በር ይከፍታል። ባረሉን ማን ቢገጥመውም፣ ቀልሃው የሚቀመጥበት ጥልቀት «ይሂድ» እና «አይሂድ» በሚባሉት ሁለት መለኪያዎች ሳይፈተሽ አንድም ጥይት አይተኮስ። ጥልቀቱ ከበዛ ቀልሃው ሊቀደድና ትኩስ ጋዝ ወደ ፊታችሁ ሊመለስ ይችላል።

ቃታው ለመቀመጫ ተኩስ ከ1.5 እስከ 2.5 ፓውንድ ይበቃዋል። በጓንት ለሚተኮስ የክረምት ካዮቲ አደን ከ2.5 አታውርዱት። ካስተካከላችሁ በኋላ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይታችሁ መቀርቀሪያውን በኃይል ዝጉ፣ ሰደፉን ከወለሉ ጋር በጎማ ላይ መታ አድርጉት። መቺው ከለቀቀ ቃታው በጣም ቀሏል።

ሰደፍ ላይ ሰው ገንዘቡን በቀለም ይጨርሳል። የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው፦ አክሽኑን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ጥብቀት መያዝ። የአሉሚኒየም አልጋ ያለው ሰደፍ ወይም በብረት ምሰሶና በኤፖክሲ የተሞላ ይሁን። የአክሽኑ ብሎኖች በአሉሚኒየም ላይ 65 ኢንች-ፓውንድ ያህል ይጠበቃሉ፤ በባዶ እንጨት ላይ ይህን ያህል ብታጠብቁ እንጨቱን ትጨፈልቁታላችሁ። ባረሉ ሰደፉን እንዳይነካ ወረቀት ከታች አስገብታችሁ እስከ አክሽኑ ድረስ ጎትቱ፤ ከተያዘ ባረሉ ሲሞቅ ምቱ ይንሸራተታል። «መነጽሬ ቦታውን ይስታል» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው የላላ ብሎን ነው። ልኬት ያለው ቁልፍ ግዙ።

መነጽሩ የፓራላክስ ማስተካከያ ይኑረው፤ ያለዚያ ጭንቅላታችሁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስቀሉ ከኢላማው ላይ ይንሸራሸራል። መስቀሉና ማዞሪያው በአንድ መለኪያ ይሁኑ፣ ወይ ሁለቱም በሚል ወይ ሁለቱም በኤምኦኤ፤ ሁለቱም የማዕዘን መለኪያ ናቸው፣ አንድ ኤምኦኤ በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ያህል ነው። ማጉያው 30 እጥፍ ስለሆነ አትደለሉ፤ በበጋ ቀትር ከሜዳው የሚነሣው የሙቀት ጭልጭልታ 16 እጥፍ ላይ እንኳ አውሬውን ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ለሩቅ ምት ብለው መነጽሩ የሚታሰርበት፣ 20 ኤምኦኤ ያዘነበለ ሐዲድ ይሸጡላችኋል። በ200 ያርድ የተስተካከለ .22-250 ለ400 ያርድ የሚፈልገው ከ5 ኤምኦኤ አይበልጥም፤ ገንዘቡን ለጥይት አውሉት።

ሕጉን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ የሚባለው መለያ ቁጥር ያለበት የአክሽኑ አካል ነው፤ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ ቅጽ 4473 ሞልታችሁ ትወስዱታላችሁ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው የክፍለ ግዛት የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕጉ የተጠቀሰ ልዩ ሁኔታ ከሌለው ጠመንጃ መያዝ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው በፌዴራል ሕግ ይችላል። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያልተቋጨለት ጠበቃ ሳይጠይቅ አይንካ፤ አንድ ፎቶ ከጠመንጃ ጋር ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ለራሱ መግዛት ለማይችል ወንድም ወይም ጓደኛ በስማችሁ መግዛት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይሉኝታ አይያዛችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የአዳኝነት ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም።

ሜዳው ላይም የሚነካና የማይነካ አለ። «የዩታ ፕሬሪ ዶግ» የሚባለው ዝርያ በሕግ የተጠበቀ ነው። በጉድጓዶቹ መካከል የሚኖረው እግረ ጥቁሩ ፌሬት ጠፍቷል ተብሎ ሳለ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ ዳግም የተገኘ፣ ዛሬም ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አትተኩሱ። የሞተ ፕሬሪ ዶግም በእጃችሁ አታንሡ፤ ቁንጫው ቸነፈር የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በመጨረሻ ወደ ባለሙያው ስትሄዱ «ጥሩ አድርገህ ሥራልኝ» አትበሉት። በአንድ ወረቀት ላይ የአረሩን ስምና ክብደት፣ ጥምዘዛውን፣ የባረሉን ርዝመትና ውፍረት፣ የቃታውን ክብደት ጻፉ። ከወረቀቱ ጋር በመረጣችሁት አረር የተገጠሙ፣ ባሩድም መለኮሻም የሌላቸው ሁለት ሙት ጥይቶች ስጡት፣ በጠመንጃችሁ የጥይት ካርታ ውስጥ የሚገባውን ርዝመት የጠበቁ። ጉሮሮውን የሚቆርጠው በእነሱ ልክ ነው። ሙት ጥይት ሳይሰጡት የተቆረጠ ጉሮሮ ለ55 ግሬን ሆኖ ይወጣና 80 ግሬኑን ወደ ባሩዱ ውስጥ ጠልቆ እንዲቀመጥ ያስገድደዋል፤ ያን ጊዜ የፈለጋችሁትን ፍጥነት አታገኙም፣ ጉሮሮውንም መልሶ ለማስረዘም ሁለተኛ ትከፍላላችሁ።