የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፒቱታሪ አካባቢ የበቀለን ዕጢ በኤምአርአይ መለየት

ጥያቄ፦ የ41 ዓመቷ እህቴ የወር አበባዋ ከቀረ ዓመት ሊሞላው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቸርችል ጎዳናን ስትሻገር ከጎን የሚመጣውን መኪና አታይም፤ የቤታችንም የበር መቃን ትከሻዋን ደጋግሞ ይመታታል። ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ የሚወጋ መድኃኒት) ኤምአርአይ ተነሥታ፣ ውጤቱ ላይ «18 ሚሊ ሜትር ዕጢ፤ አዴኖማ ወይም ሜኒንጂዮማ» ተብሎ ተጽፏል። ቁርጡ ለምን አልተነገረንም? ኮንትራስት ተወግታ እንደገና ትነሣ መባሉስ አስፈላጊ ነው? (ስሜ አይጠቀስ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ከዕጢው ስም በፊት የእህትዎ ዓይን ይቀድማል። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች የሚሻገሩት ከአንጎል ሥር ካለው ሆርሞን አመንጪ አካል፣ ከፒቱታሪ፣ በላይ በመሆኑ፣ ከታች ወደ ላይ የሚያድግ ዕጢ ሲጫናቸው በግራም በቀኝም የጎን ዕይታ ይጠፋል፤ የበር መቃኑ ነገር ይህንኑ ይመስላል። ስለዚህ የዕይታ ስፋት ምርመራ በዚህ ሳምንት ይደረግላት። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይም ዕይታዋ በአንዴ ከቀነሰ ግን ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

በአማርኛችን «ዕጢ» የሚለው ቃል ጤነኛውንም አካል በሽታውንም ስለሚጠራ ብዙ ቤተሰብ ይደናገራል፤ እዚህ ጤነኛውን «ፒቱታሪ» ብቻ ብዬ እጠራዋለሁ። ፒቱታሪ የተቀመጠው በራስ ቅል ወለል ላይ ባለ ኮርቻ በሚመስል ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ነው። አዴኖማ ከራሱ ከፒቱታሪ ስለሚበቅል ኮርቻውን እያሰፋ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲያልፍም መሐሉ ተጨምቆ ወገቡ የጠበበ የውሃ ቅል ይመስላል። ሜኒንጂዮማ ግን ከአንጎል ሽፋን ስለሚነሣ ብዙ ጊዜ ኮርቻውን አያሰፋም፤ ፒቱታሪም ከሥሩ ለብቻው ተለይቶ ሊታይ ይችላል። ኮንትራስት ሲሰጥ ሜኒንጂዮማው በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ እኩል ይደምቃል፣ በሽፋኑም ላይ ጅራት የመሰለ ድምቀት ይከተለዋል፤ በጎን የሚያልፈውን ትልቁን የደም ቧንቧም የማጥበብ ጠባይ አለው፤ አዴኖማ ቧንቧውን ቢከበው እንኳ እምብዛም አያጠበውም። እነዚህ ምልክቶች ያለ ኮንትራስት በግልጽ ስለማይወጡ፣ እንደገና እንድትነሣ መባሉ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ጋዶሊኒየም ያለበት በመሆኑ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለ አስቀድመው ይንገሩ።

ሐኪሙ በአእምሮው የሚይዛቸው ሌሎችም አሉ። ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ከሆነ ክራኒዮፋሪንጂዮማ ይታሰባል፤ በውስጡ የሚገኘውን የካልሲየም ክምችት ከኤምአርአይ ይልቅ ሲቲ ስካን አጉልቶ ያሳያል። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዕጢ መስሎ የሚታይ ያበጠ የደም ቧንቧ ነው፤ ቢላዋ ቢነካው አደጋው ከባድ ስለሆነ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የግድ መጣራት አለበት።

ምስል ብቻውን የማይፈታው ነገርም አለ። የወር አበባዋ መቅረቱ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ያስጠረጥራል፤ በደም ምርመራ ከ200 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ ዕጢው ራሱ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ አዴኖማ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህ ዓይነቱ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ካበርጎሊን በተባለ ኪኒን ይሟሽሻል። ፕሮላክቲኑ በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ፒቱታሪን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ግንድ የተጫነ ማንኛውም ዕጢ ሊያመጣው ስለሚችል አዴኖማን ከሜኒንጂዮማ አይለይም። ስለዚህ ወደ አንጎል ቀዶ ሐኪም ስትሄዱ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲና የፕሮላክቲኑን ውጤት አብራችሁ ያዙ።