ጋላክሲ ይዞራል ወይስ ይሽከረከራል?

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለተከበሩ መምህር። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ለተማሪዎች በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ‹የጋላክሲ ሽክርክሪት የሚለካው በከዋክብቱ እንቅስቃሴ ነው› የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁና ‹ሽክርክሪት›ን ሰርዤ ‹ዙረት› አልኩት። ጸሐፊው ‹ጋላክሲውን ሥራ ፈት አደረግሽው› ብሎ ተቆጣ። የክፍላችን ኃላፊ ደግሞ ሁለቱንም ትተን ‹ዑደት› እንበል ይላሉ። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ጸሐፊው በአንድ ነገር ረትቶዎታል። ‹ዙረት› በዛሬ አማርኛ ቤቱ የማይረጋ ሰው ግብር ነው። እናት ልጇን «ዙረት አበዛህ» ስትለው ስለ ምሕዋር አይደለም የምትናገረው፤ ‹ዙረታም› ደግሞ ስድብ ነው። ስለዚህ ‹የጋላክሲ ዙረት› አንባቢን ቢያስቅ አይፈረድበትም። ‹ሽክርክሪት›ን እንዲሰርዙ እጅዎን ያነሣሣው ስሜት ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ነገሩ እኔንም ለብዙ ጊዜ ሲያብከነክነኝ የኖረ ስለሆነ ላስረዝመው ነው፤ ይታገሡኝ።

‹ዞረ› ሥሩ ዘ-ወ-ረ ነው። መካከለኛዋ ‹ወ› ቀልጣ ‹ዘ›ን ወደ ሳብዕ ገፍታ ‹ዞ› አድርጋታለች፤ ‹ቆመ› እና ‹ሞተ› ላይ ያደረገችውን ነው ያደረገችው። ሳትቀልጥ ማየት የሚፈልግ ‹ዘወር በል›ን፣ ‹ዘዋሪ›ን፣ ‹መዘውር›ን ይመልከት። በግዕዝ በዚሁ ቤት የሚውሉ ሁለት ግሦች ለጉዳያችን ይጠቅማሉ፤ ‹ሖረ› (ሄደ) እና ‹ዖደ› (ዞረ)። ከ‹ሖረ› ‹ምሕዋር› ወጣ፤ ‹ወ› እዚያ ላይ ብቅ ብላለች። ከ‹ዖደ› ደግሞ ‹ዐውድ›፣ ‹ዐውደ ዓመት› እና ኃላፊዎ የወደዱት ‹ዑደት› ወጡ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁሉ መንገድና መንገደኛ ያላቸው ግሦች ናቸው። አንድ ሄያጅ አለ፣ የሚሄድበት ዙሪያ አለ፣ ተመልሶ የሚመጣበት ቦታ አለ።

‹ተሽከረከረ› የሌላ ቤት ልጅ ነው። ከ‹ተንቀጠቀጠ›፣ ከ‹ተብለጨለጨ›፣ ከ‹ተርገበገበ› ጋር ይቆጠራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድምፆች ተደግመው የድርጊቱን አለማቋረጥ ያሳያሉ። ‹ከረ-ከረ› የሚለው ድግግሞሽ የመንከባለል ድምፅ ነው፤ በግዕዙ ‹መንኰራኵር› ውስጥም ይኸው ይሰማል። ፊት ላይ ያለችው ‹ሽ› የጥንት አስደራጊ ቅጥያ ቅሪት ናት ብዬ አምናለሁ። የማይስማሙ አሉ፤ እነርሱን ለሌላ ቀን እናቆያቸው። (መንኮራኩርማ የሠረገላ እግር ሆኖ ስንት ዘመን ካገለገለ በኋላ ዛሬ ጎማ እንኳ የሌለው የጠፈር ተጓዥ ሆኗል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ውብ ሹመት ነው።)

እንግዲህ በ‹ሽክርክሪት› ውስጥ ያለው ሥዕል የጎማ ነው፤ አንድ ወጥ አካል በአንድ ዛቢያ ላይ። አራት ኪሎ ሐውልቱን የሚዞረውን ታክሲ ይመልከቱ። ረዳቱ ሾፌሩን «ዙረው» ነው የሚለው፤ «ተሽከርከረው» ሲል የሰማ ካለ ይጻፍልኝ። የሚሽከረከረው ጎማው ነው፤ ጎማው ላይ ያለች ጠጠር ከመሐል ትሁን ከጠርዝ፣ ዙሯን የምትጨርሰው እኩል ነው። ሐውልቱን የሚዞሩት መኪኖች ግን እንዲህ አይደሉም። በውስጠኛው መስመር ያለው ቶሎ ይጨርሳል፤ በውጭ ያለው በዚያው ፍጥነት ቢነዳም መንገዱ ረዝሞበት ወደ ኋላ ይቀራል።

ጋላክሲስ፣ ያ እልፍ ከዋክብት የተሰበሰቡበት ጉባኤ፣ ከሁለቱ የትኛውን ነው የሚመስለው? ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ መልሱም የተገኘው መጽሔትዎ በጠቀሰው በዚያው በልኬቱ ነው።

የሚለካበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በብርሃን ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ኮከብ ብርሃኑ በየቀለሙ ሲዘረዘር የሚታዩት መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቀን ወደ ቀይ ፈቀቅ ይላሉ፤ የፈቀቅታው መጠን ፍጥነቱን ይነግራል። ቬስቶ ስላይፈር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1912 አንድሮሜዳ የተባለው ጎረቤታችን ጋላክሲ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ እንደሚገሰግስ በዚህ ዘዴ አገኘ። ጋላክሲው በሙሉ እየመጣ ከሆነ፣ አንደኛው ጎኑ ከአማካዩ አብልጦ ሲመጣ ሌላኛው አሳንሶ ከመጣ፣ በመሐሉ መዞር አለ ማለት ነው። ፍራንሲስ ፒዝ ይህን በአንድሮሜዳ ላይ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ባለው በማውንት ዊልሰን የከዋክብት መመልከቻ ወደ 80 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን በአንዲት የፎቶ ሰሌዳ ላይ ማጠራቀም ነበረበት፤ ሌሊት በሌሊት ላይ እየደረበ።

ሁለተኛው መንገድ ኮከቡ በሰማይ ገጽ ላይ ወደ ጎን የሚሄደውን መለካት ነው። ይህ እጅግ ረቂቅ ነው፤ ሰውም አሳስቷል። አድሪያን ቫን ማነን በዓመታት ልዩነት የተነሡ ፎቶዎችን አነጻጽሮ ኤም 101 የተባለው ጠምዛዛ ጋላክሲ በ85,000 ዓመት አንዴ እንደሚዞር እ.ኤ.አ. በ1916 አስታወቀ። ጋላክሲው ዛሬ በምናውቀው ርቀት ላይ ሆኖ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ጠርዙ ከብርሃን በፈጠነ ነበር! ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1935 ልኬቱ ስሕተት መሆኑን አሳየ። መንገዱ ራሱ ግን ሐሰት አልነበረም፤ መሣሪያው ነው ያልደረሰለት። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚሁ ሰው ስም በተጠራው የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ ትልቁ ማጄላን ደመና የተባለው ጋላክሲ ከዋክብት ወደ ጎን ያደረጉት ጉዞ ተለክቶ፣ ጋላክሲው አንዴ ለመዞር 250 ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅበት ታወቀ። ይህ ጋላክሲ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ከአዲስ አበባ ሰማይ በስተ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚወጣ ነው፤ የከተማው መብራት ካስተረፈልዎ።

ለእኔ ክርክር ወሳኙ ግን ሆላንዳዊው ያን ኦርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በፀሐያችን አካባቢ ያሉትን ከዋክብት መረመረ። ወደ ጋላክሲያችን መሐል የቀረቡት ፀሐይን ይቀድሟታል፤ ወደ ውጭ ያሉት ወደ ኋላ ይቀሩባታል። ጎማ ቢሆን ኖሮ ቀዳሚም ተከታይም ባልነበረ። ፀሐይ ራሷ በሰከንድ ከ220 እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሚገመት ፍጥነት እየሄደች አንዱን ዙር ለመጨረስ 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ከመሐሉ በእጥፍ የራቀ ኮከብ ደግሞ ፍጥነቱ ከእርሷ ብዙም አያንስም፤ መንገዱ እጥፍ ስለሆነ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ኮከብ የየራሱ ምሕዋር፣ የየራሱ ዘመን አለው። ይህ መዞር ካልተባለ ‹ዞረ› ለምን ተፈጠረ?

አሁን ስሙን ወደማልጠራው ወገን ልምጣ። እንዲህ ይላል፦ በራስ ዛቢያ ላይ የሚሆነው ሁሉ ‹መሽከርከር›፣ በሌላ አካል ዙሪያ የሚሆነው ሁሉ ‹መዞር› ይባል፤ መሬት በዛቢያዋ ትሽከረከራለች፣ በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች፤ ጋላክሲ የሚዞረው ሌላ አካል ስለሌለ ይሽከረከራል። ለመሬት እስማማለሁ፤ መሬት ጠጣር ናት። ለጋላክሲ ሲሆን ግን ይህ ክፍፍል ከውጭ መማሪያ መጽሐፍ በሁለት ዐምድ የመጣ እንጂ አማርኛ የሠራው አይደለም። አማርኛማ ጠጣር ያልሆነ ነገር በራሱ ላይ ሲዞር የሚጠራበት ቃል ከጥንትም አለው፤ ‹አዙሪት›። ዓባይ ውስጥ ያለው አዙሪት በምን ዛቢያ ነው የሚዞረው? ውኃው በየጠብታው ይዞራል፣ ከመሐል ያለው ይፈጥናል፣ ከዳር ያለው ይዘገያል፣ ስሙም የወጣው ከ‹ዞረ› ነው። ሎርድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ ባስገነባው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ኤም 51ን አይቶ ጠምዛዛ ቅርጹን በእጁ ሥሏል፤ ያ ጋላክሲ ዛሬም በፈረንጆቹ አፍ የሚጠራው በውኃ አዙሪት ስም ነው። ‹አዙሪት› በእኛ አፍ ‹ከችግር አዙሪት› ጋር ተጣብቆ ባይከፋ ኖሮ፣ ‹የጋላክሲ አዙሪት› ብለው ያትሙት እልዎት ነበር።

ተቃራኒዎቼ ‹መዘውር›ን ያመጡብኛል። ከ‹ዞረ› ሥር የወጣ ሆኖ ሳለ ጠጣር ነገር ነው፤ ስለዚህ ሥሩ ለጠጣርም ለፈሳሽም ነው ይላሉ። መልስ አለኝ፤ ‹መዘውር› የወጣው ከተሻጋሪው ከ‹ዘወረ› ነው፤ ከውጭ እጅ ይዞ የሚያዞረው አለ። ‹ዞረ› ግን ራሱ ሄያጅ ነው። «ዐውሎ ነፋስስ ይሽከረከር የለም ወይ?» ሲሉኝ ግን መልሴ ያጥራል። ይሽከረከራል፤ ሕዝቡ እንዲያ ይላል፤ ነፋስም ጠጣር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስከፋኝ ደግሞ ሥነ ፈለኩ ራሱ በከፊል ለእነርሱ መመስከሩ ነው። በብዙ ጋላክሲዎች መሐል አካባቢ የከዋክብቱ ፍጥነት ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ ይሄዳል፤ እንዲህ ሲሆን ሁሉም ዙሩን በእኩል ጊዜ ይጨርሳል፤ ልክ እንደ ጎማው። ከዚያ ወደ ውጭ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድሮሜዳ ያሳዩት ይህን ነበር። በፀሐይ ቤተሰብ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ኔፕቲዩን 5 ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ከመሐሉ የራቀ ይዘገያል። በአንድሮሜዳም ዳር ያሉት እንዲህ ይዘገያሉ ተብሎ ሲጠበቅ ፍጥነታቸው አልወርድ አለ። የሚታየው ቁስ ብቻውን በስበቱ ይህን ሁሉ ኮከብ አስሮ ሊይዝ ስለማይችል፣ የማይታይ ቁስ አለ የሚለው ሐሳብ ትልቁን ጉልበት ያገኘው ከዚህ ነው። ይህን የሚያሳየውን ሥዕል ‹የሽክርክሪት ኩርባ› ይሉታል። በአንድ በኩል ርቀት፣ በሌላ በኩል በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር የሚል ፍጥነት ነው የተሣለበት፤ ሽክርክሪቱ የት አለ? ‹የፍጥነት ኩርባ› ቢባል ምን ይጎድላል?

‹ዑደት›ን በተመለከተ ኃላፊዎን በአክብሮት አልስማማም። ቃሉ ክቡር ነው፤ ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ዑደት ይባላል፣ የውኃ ዑደትም ብለናል። ነገር ግን ‹ዑደት› አንድ ሙሉ ዙር ተጀምሮ ማለቁን የሚቆጥር ቃል ሆኗል፤ ‹የፀሐይ አንድ ዑደት 230 ሚሊዮን ዓመት ነው› ማለት ያምራል፣ ‹የጋላክሲ ዑደት ተለካ› ሲባል ግን ጊዜው ነው ፍጥነቱ የተለካው? አንባቢ ይደናገራል።

እርግጥ ነው፣ የአራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ‹ይሽከረከራል› ነው የሚለው። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትሮቹ ሁለት ቴሌስኮፖች ሥር ቆሞ ለጎብኚ የሚያስረዳ ወጣትም ‹ዞረ›ን አማርጦ እንዲናገር አልጠብቅም። ቃሉ በሬዲዮም ገብቷል፣ በልጆች አፍም አለ፤ እኔ ብቻዬን አላስወጣውም። ስለዚህ ርእሱ ላይ ‹የጋላክሲ ሽክርክሪት› ካለ ይተዉለት፤ ደስ አይለኝም፣ ግን ስሕተት ነው ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አላስነሣዎትም። ዐረፍተ ነገሩን ግን በስም ከማሰር ይልቅ በግሥ ይፍቱት፦ «ጋላክሲዎች እንዴት እንደሚዞሩ የምናውቀው የከዋክብታቸውን ፍጥነት በመለካት ነው።» የ‹ዙረት›ም ስድብ ቀረ፣ የጎማውም ሥዕል ቀረ። በጸሐፊው ‹እንቅስቃሴ› ፋንታ ‹ፍጥነት› ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የሚለካው እርሱ ነውና።

በላኩልኝ ቅጂ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ያለውን ‹ከዋክብቶች› ግን ጸሐፊውን ሳያማክሩ ይሰርዙት። ‹ከዋክብት› ራሱ ብዙ ነው።