አርን ላምዳ ላይ ለምታሠሩ፦ ስለ ጥሪው መረጃ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ! የአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ኮዳችሁን አማዞን ላምዳ ላይ (ሰርቨር ሳታስተዳድሩ ኮድ የሚያሠራላችሁ አገልግሎት) የጫናችሁ ሰዎች ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር የጥሪው መለያ፣ የቀረው ጊዜና የመሳሰለው ከየት እንደሚገኝ ጠይቃችሁኛል። ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

ጥያቄ፦ ፓይተን ላይ ኮንቴክስት (የጥሪውን መረጃ የያዘው ነገር) ራሱ ይመጣል። አር ላይስ?

መልስ፦ ላምዳ ለአር ያዘጋጀው ራንታይም (ኮዱን የሚያሠራው ክፍል) የለም። ከ2018 ወዲህ ግን የራሳችንን ማምጣት እንችላለን። ላምብድአር የሚባለውን ፓኬጅ ከተጠቀምክ ሃንድለርህ (በየጥሪው የሚሠራው ፈንክሽንህ) ላይ ኮንቴክስት የሚል አርጊዩመንት ጨምር። ፓኬጁ ይሞላልሃል።

ጥያቄ፦ ላምብድአርን ሳልጠቀም፣ ከላምዳ ሥራ እየተቀበለ የሚያስኬደውን ሉፕ ራሴው ነው የጻፍኩት። ከየት ላምጣው?

መልስ፦ የማይለዋወጠው፣ ማለትም የፈንክሽኑ ስም፣ ቨርዥኑና የሜሞሪው መጠን፣ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ አለ። በሲስ ጌትኢንቭ (Sys.getenv) ታነበዋለህ። በየጥሪው የሚለዋወጠው ደግሞ ሉፕህ ቀጣዩን ሥራ ሲጠይቅ በሚመጣለት መልስ ሄደር ላይ (ከዋናው ይዘት፣ ከቦዲው፣ ተለይቶ የሚመጣው ክፍል) ነው። ብዙ ሰው ቦዲውን ብቻ አንብቦ ሄደሩን ይጥለዋል። የጥሪው መለያ፣ ትሬስ አይዲው (ጥያቄው ያለፈበትን መንገድ መከታተያ መለያ) እና ዴድላይኑ (ጥሪው የሚያበቃበት ሰዓት) ያሉት ግን እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዴድላይኑን ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ስቀይረው ኤንኤ (NA፣ ዋጋ የለውም ማለት) ይሆንብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ብዙ ሰው ያደክማል። ዴድላይኑ ከ1970 መባቻ ጀምሮ በሚሊሰከንድ የተቆጠረ ነው፤ 13 አሃዝ አለው። የአር ኢንቲጀር ደግሞ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። አዝ ኑመሪክን (as.numeric) ተጠቀሚ። ከዚያ ሲስ ታይምን (Sys.time፣ የአሁኑን ሰዓት) ወደ ቁጥር ቀይረሽ በ1000 አባዢውና ከዴድላይኑ ላይ ቀንሺው። የቀረሽ ጊዜ ይኸው። አንድ ጥሪ ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ከባድ ሲሙሌሽን የምታሠሪ ከሆነ በየዙሩ እያየሽ፣ ጊዜው ሳያልቅ የደረስሽበትን ኤስ3 (የአማዞን ፋይል ማከማቻ) ላይ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ በጥሪው መለያ ሥራ እንዳይደገም ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ እንደ አጠራሩ ነው። ኤሲንክ (ጠሪው መልስ የማይጠብቅበት) ከሆነ አዎ። ፈንክሽኑ ኤረር ሲሰጥ፣ ሴቲንጉን ካልነካኸው ላምዳ እስከ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል፤ መለያውም ያው ነው። ከኤስኪውኤስ (የአማዞን የመልእክት ወረፋ) የሚመጣ ከሆነ ግን አትመነው። መልእክቱ ሲመለስ በአዲስ ጥሪ ስለሚመጣ የመልእክቱን የራሱን መለያ ያዝ።

ጥያቄ፦ ሎግ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ሌላው ቢቀር የጥሪውን መለያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጻፍ። ክላውድዋች (የአማዞን ሎግ የሚታይበት አገልግሎት) ላይ እሱን ስትፈልግ የአንዱን ጥሪ ታሪክ ብቻ ታወጣለህ። አንዴ የተነሳ አር ብዙ ጥሪ ተራ በተራ ያስተናግዳል። ስለዚህ መለያውን ሉፑ ውስጥ፣ በየጥሪው እንደ አዲስ አንብበው።