መልስ፦ «እመጣለሁ» ብለው የሚቀሩ ገዢዎች
ፍሪጁን «ዛሬ እወስደዋለሁ» ያሉ ሦስት ሰዎች ስለቀሩብህ ማስታወቂያውን ላጥፋው ወይ ላልከው፦ አታጥፋው፣ ግን ያለ ቀብድ ለማንም «ይዤልሃለሁ» አትበል። ቀድሞ የመጣ ይወስዳል በለውና ጨርስ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ብቻ ጽፎ የሚጠፋውን ተወው፣ እሱ ገዢ አይደለም። ዋጋውንም በስልክ አትቁረጥ፤ ሳያይ ያስቀነሰ ሰው በር ላይ ደግሞ ይከራከርሃል። ቀጠሮ ስትይዝ «ከሰዓት» ሳይሆን «8 ሰዓት» በል፣ ጠዋት ደውል፣ ካላነሳ ለቀጣዩ።

ስልክ ወይም ጫማ ቢሆን ፒያሳ አንድ ካፌ ትገናኙ ነበር። ፍሪጅ ግን ቤት ያስመጣል፣ ስለዚህ ሰው አብሮህ ይሁን። ከማታ ጀምሮ ሰክተህ አቆየው፤ ገዢው ሲመጣ ከተሰካ ፍሪዘሩ ገና ሳይቀዘቅዝ «አይሠራም» ብሎ ዋጋ ይጥልብሃል።

ዋናው ጣጣ ክፍያው ነው። የስክሪንሾት ደረሰኝ በደቂቃ ይቀናበራል፣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ኤስኤምኤስም ከግለሰብ ቁጥር ይላካል። ቴሌብር ከሆነ በ*127#፣ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# ራስህ ገብተህ ቀሪ ሂሳብህን እይ። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» ካለህ ይጠብቅ፤ ፍሪጁም ከነገመዱ እዚያው ይቁም፣ ተሸካሚዎቹ ደጅ ቢቆሙም።